የማትረሳዋ ክፉና የተረሱት ፈራሚዎች



ይህ ብዕር ስለ ፊልም የመጻፍ ልማድ የለውም። አዋጅና መመሪያ ሲተች፣ የሹማምንትን ንግግር ሲመረምር ለኖረ ሰው ስለ ቴሌቪዥን ድራማ መጻፍ ከመንገድ መውጣት ሊመስል እንደሚችል አልስተውም። ሆኖም «ዘ ግሎሪ» የተሰኘውን የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ዐሥራ ስድስቱንም ክፍሎች በአራት ሌሊት ተመልክቼ ከጨረስኩ በኋላ ከወዳጆቼ ጋር የገጠምኩት ሙግት ዕረፍት ነሥቶኛል። አንደኛው ወዳጄ «እንዲህ ያለው ፊልም ለወጣቱ ቂም በቀልን ያስተምራል፤ ሊታገድ ይገባዋል» አለኝ። ሌላዋ ወዳጄ «ያቺ ክፉ ሴት ግን እንዴት ታምራለች! አለባበሷስ!» አለችኝ። ሦስተኛው፣ እርሱ እንኳ ሕግ የተማረ ሰው ነው፣ «በመጨረሻ ሁሉም የእጃቸውን አገኙ፤ ፍትሕ ተፈጸመ» ብሎ ደመደመ። እኔ ሦስቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ስሕተታቸው ደግሞ ከአንድ ድራማ ያለፈ፣ ስለ በደልና ስለ ፍትሕ ከምናስብበት ሥር የሚመነጭ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በቅድሚያ ድራማውን ላላዩት ጥቂት ልበል። መጨረሻውን መናገሬ ስለማይቀር፣ ራሳቸው ማየት የሚሹ አንባቢያን ይህን ጽሑፍ ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ደራሲዋ ኪም ኡን ሱክ፣ አዘጋጁ አን ጊል ሆ ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ክፍሎች በኔትፍሊክስ የቀረቡት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2022 ሲሆን ቀሪዎቹ ስምንቱ ማርች 10 ቀን 2023 ወጡ። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሙን ዶንግ ኡን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነች፤ ድሃ ነች፤ የሚቆምላት ዘመድ የላትም። አምስት ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ እየያዙ፣ በጋለ የጸጉር መጠቅለያ ብረት ገላዋን ያቃጥሏታል። የአምስቱ መሪ ፓርክ ዮን ጂን ነች። ዶንግ ኡን ትምህርቷን አቋርጣ በፋብሪካ እየሠራች፣ እንቅልፏን እየቀነሰች እያጠናች፣ በመጨረሻ መምህርት ትሆናለች። ከ18 ዓመት በኋላም የዮን ጂን ትንሽ ልጅ በምትማርበት ክፍል ኃላፊ መምህርት ሆና ትገባለች። በቀሏ ከዚያ ይጀምራል።

የጋለው ብረት የደራሲዋ የጭካኔ ቅዠት የሚመስለው አንባቢ ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በቾንግጁ ከተማ በአንዲት የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ላይ እኩዮቿ እንዲሁ ያለ ግፍ ፈጽመውባት እንደነበር ድራማው በወጣ ጊዜ የአገሪቱ ጋዜጦች አስታውሰዋል። እንግዲህ ሙግቱ በልብ ወለድ ላይ ብቻ የሚካሄድ አይደለም ማለት ነው።

ከሁለተኛዋ ወዳጄ ልጀምር። እውነቷን ነው፤ ሊም ጂ ዮን የተጫወተቻት ዮን ጂን በቀላሉ ከኅሊና የምትጠፋ አይደለችም። በ2023ቱ የቤክሳንግ የሥነ ጥበብ ሽልማት ድራማው ምርጥ ተብሎ ሲመረጥና ሶንግ ሄ ኪዮ በዶንግ ኡን ሚናዋ በምርጥ ተዋናይትነት ስትሸለም፣ ሊም ጂ ዮንም በረዳት ተዋናይት ዘርፍ አሸንፋለች። ዮን ጂን የቴሌቪዥን የአየር ጠባይ ትንበያ አቅራቢ ነች። ባሏ የግንባታ ኩባንያ ባለቤት ነው። በየምሽቱ በሚሊዮኖች ፊት ፈገግ ብላ ነገ ፀሐይ ይወጣል ወይስ ይዘንባል ትላለች። ነገ ምን ሊሆን እንደሚችል የምትነግረን ሴት ትናንት ስላደረገችው ነገር አንዲት ቃል የላትም!

ክፋቷን የማይረሳ ያደረገው ግን ጩኸቷም ውበቷም አይመስለኝም። አንድ ትዕይንት አለ፤ ዶንግ ኡን ከብዙ ዓመት በኋላ ፊት ለፊት ስትገጥማት ዮን ጂን አትደነግጥም፣ አታፍርም። እኔ ምን አጠፋሁ ትላለች። የአንቺ ሕይወት እኮ ከተወለድሽ ጀምሮ ገሃነም ነበር፤ እንዲያውም በእኔ ሰበብ መምህርት እስከ መሆን ደርሰሻልና ልታመሰግኚኝ ይገባል ትላታለች። አንባቢ ልብ ይበል! በዳይ ከተበዳይ ምስጋና ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነውን? በታሪክ ውስጥ የሰውን አገር በጉልበት የያዘ ሁሉ መንገድ ሠራሁላችሁ አላለምን? ሕዝቡን ያሰረ፣ ያስራበ አምባገነን ሁሉ እኔ ባልኖር ኖሮ ይህም አይኖራችሁም ነበር አላለምን? የዮን ጂን ንግግር በአንዲት ሀብታም ሴት አፍ የተነገረ የጨቋኝ ሁሉ መግለጫ ነው። አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት ይህንኑ አይተው ይመስለኛል። እርሷ ግን ከዚያም ታልፋለች፤ የወጋችበትን ጦር እንደ ስጦታ ልትቆጥረው ትፈልጋለች።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ከወዳጄ የምለይበት ነጥብ ይመጣል። የማይረሳ ክፉ ሰው አደገኛ ነው፤ አደጋውም ሌሎቹን ስለሚሸፍንልን ነው። ለመሆኑ ዶንግ ኡንን ማን አጠፋት? ብረቱን የያዘችው ዮን ጂን ነች። ነገር ግን ልጅቷ ዝም ብላ አልተቃጠለችም፤ ጮኻለች። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳለች፤ ወላጆችና መምህር ተጠርተው ነገሩ በጓደኛሞች መካከል የተደረገ ጨዋታ ተብሎ ተዘጋ። ልትረዳት የሞከረችው የጤና መምህርት ከሥራዋ ለቀቀች። ዶንግ ኡን ትምህርቷን ለማቋረጥ በሞላችው ቅጽ ላይ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ የአጥቂዎቿን ስም ጽፋ ስታቀርብ የክፍል ኃላፊዋ መምህር በቢሮው ውስጥ፣ ባልደረቦቹ እያዩ በጥፊ እየደጋገመ መታት። በመጨረሻም የገዛ እናቷ ገንዘብ ተቀብላ በሌላ ቅጽ ላይ ፈረመች፤ ምክንያቱም «ከትምህርት ቤቱ ኑሮ ጋር መላመድ ባለመቻሏ» ተባለ።

ዮን ጂን ያቃጠለችው ገላዋን ነው። በዚያች አንድ መስመር ግን በደሉ ከመዝገብ ተሰረዘ፤ ጥፋተኛዋም ተበዳይዋ ራሷ ሆና ተመዘገበች። እንግዲህ ንገሩኝ፤ የዚያን መምህር ስም የሚያስታውስ ተመልካች ስንት ነው? ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ መዝገቡን የዘጋው የፖሊስ ባልደረባስ መልኩ ምን ይመስል ነበር? ድራማው እነዚህን ሰዎች አልረሳቸውም፤ የረሳናቸው እኛ ነን። የዮን ጂንን የቀሚስ ቀለም እንነጋገራለን፤ ማኅተም ያደረገውን እጅ ግን አንጠይቅም። ክፉ ሰው በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዘመን ይወለዳል። ክፉውን ለ18 ዓመት በሰላም የሚያኖረው ግን ያ የማይታወስ ፈራሚ ነው።

ወደ መጀመሪያው ወዳጄ ልመለስ፤ ድራማው ቂም በቀል ያስተምራል ወዳለው። በእኛ ዘንድ ተበዳይ ባላጋራውን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲያስቆመው መቆም የተለመደ ነበር። ቃሉ ኃይል የነበረው ከኋላው የሚሰማ ዳኛ አለ ተብሎ ስለሚታመን ነው። ተበዳይ ደጋግሞ በሕግ አምላክ ብሎ መልስ ያጣ ዕለት ግን ቂም ይወለዳል። ዶንግ ኡን በቀልን ከፊልም አልተማረችም። በመጀመሪያ ፖሊስን፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን፣ ከዚያ እናቷን ለመነች። ሦስቱም በሮች ከተዘጉ በኋላ ነው አራተኛውን ያንኳኳችው። ታዲያ የሚታገደው የትኛው ነው? በሮቹ መዘጋታቸውን የሚያሳየው ፊልም ወይስ በሮቹን የሚዘጉት?

ይኸው ወዳጄ «ይቅር ብትል አይሻልም ነበርን?» ሲልም ጠይቆኛል። ይቅርታን አላንኳስስም፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» በሚል ሕዝብ መካከል ነው ያደግሁት። ነገር ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው በሌለበት ይቅር በይ ማለት ምን ማለት ነው? በአራቱ ሌሊቶች ውስጥ ዮን ጂን ከልቧ «በድዬሻለሁ» ስትል አልሰማሁም። ደራሲዋ ኪም ኡን ሱክ ለድራማው ይህን ስም ለምን እንደሰጠችው ስትገልጽ፣ የትምህርት ቤት ጥቃት ሰለባዎች የጻፉትን ስታነብ ብዙዎቹ የሚሹት ካሳ ሳይሆን ከልብ የመነጨ ይቅርታ መጠየቅን እንደሆነ መረዳቷን ተናግራለች። ግፍ የሰውን ክብር ይወስዳል፤ ይቅርታ መጠየቅ ያንን ክብር የመመለስ መጀመሪያ ነው። ግሎሪ ማለት እንግዲህ ያ የተወሰደ ክብር ነው። ተበዳይን «እርሺው፣ እለፊው» እያልን የምንመክር ሰዎች ሳናውቀው የዮን ጂን ጠበቃ ሆነን እንቆማለን። ምክሩን ስለምን ሁልጊዜ ለተወጋው ብቻ እንሰጣለን? የወጋውን «አስታውስ!» የሚለው ማን ነው?

እዚህ ላይ ከድራማው ወጥተን የሆነውን እንመልከት። የድራማው ሁለት አጋማሾች በወጡባቸው ቀናት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023፣ የወቅቱ የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል ጆንግ ሱን ሺን የተባሉ የቀድሞ ዐቃቤ ሕግን የፖሊስ ብሔራዊ የምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አድርገው ሾሙ። ሹመቱ አንድ ቀን ብቻ ቆየ። የሰውየው ልጅ በትምህርት ቤት ሳለ አብሮት ይማር የነበረን ልጅ በቃላት ሲያሠቃይ ኖሮ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲዛወር ተወስኖበት ነበር። ቤተሰቡ ግን ውሳኔውን በመቃወም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ። በክርክሩ ተሸነፉ፤ ጊዜውን ግን አሸነፉ። ልጁ በኋላ የአገሪቱ ታላቅ ተቋም ወደሆነው የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ነገሩ ሲወጣ ሕዝቡ ድራማውን አሁን በዜና እያየነው ነው አለ፤ ተሿሚውም በማግስቱ ከሹመቱ ወረዱ። ሕግን የሚያውቅ አባት ሕግን ለልጁ ጋሻ አደረገው። በየደረጃው የተፈረመው ወረቀት ሁሉ ሕጋዊ ነበር። እንዲህ ነው በሩ የሚዘጋው፤ በሕጋዊ ቁልፍ።

ከዚህም የባሰ አለ። ሁለተኛው አጋማሽ በወጣበት በዚያው ሳምንት፣ የድራማው አዘጋጅ አን ጊል ሆ እ.ኤ.አ. በ1996 በፊሊፒንስ ተማሪ ሳለ በዕድሜ የሚያንሱ ተማሪዎችን ደብድቧል የሚል ውንጀላ ቀረበበት። በመጀመሪያ አስተባበለ፤ ከቀናት በኋላ በጠበቃው በኩል ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ግፍ ዐሥራ ስድስት ክፍል ያዘጋጀ ሰው፣ በየትዕይንቱ የተበዳይን ፊት በቅርብ ያየ ሰው፣ የራሱን ለመናገር ሌላ ሰው እስኪጮህ ጠበቀ! አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ድራማውን ንቀውታል። እኔ ግን ድራማው የሚለው ነገር እውነት ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። በዳይ የሚረሳው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መርሳት ስለሚመቸውና ማንም ስለማይጠይቀው ጭምር ነው።

ደቡብ ኮሪያውያን ከተቆጡ በኋላ ዝም እንዳላሉ መመስከር ተገቢ ነው። በዚያው ዓመት በኤፕሪል መንግሥት አዲስ ዕርምጃ አወጀ። ከባድ ጥቃት ፈጽሞ የተቀጣ ተማሪ መዝገቡ ከምረቃ በኋላ ለ2 ዓመት ብቻ ይቆይ የነበረው ወደ 4 ዓመት ከፍ እንዲል፣ ከ2026 የትምህርት ዘመን ጀምሮም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ መዝገቡን ከግምት እንዲያስገቡ ተወሰነ። ዕርምጃው በቂ ነው ወይ ቢሉ ለእኔ ሩቅ ነው። ስም በመዝገብ ላይ እንዲቆይ ማድረግ ግን ዶንግ ኡን በዚያች ቅጽ ላይ የሞከረችው ነገር መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ሦስተኛው ወዳጄ፣ የሕጉ ሰው፣ ቀርቷል። «ፍትሕ ተፈጸመ» ላለው መልሴ አጭር ነው፤ አልተፈጸመም። እስቲ የበቀሉን ዋጋ እንቁጠር። ዶንግ ኡን 18 ዓመት ከፈለች። ወጣትነት አልነበራትም፤ የዮን ጂንን ባል ለመቅረብ ስትል ባዱክ የተባለውን የጠጠር ጨዋታ ከአንድ ሐኪም ተማረች። ያ ሐኪም ያፈቅራታል፤ የባለ ሆስፒታል ቤተሰብ ልጅም ነው። ባሏ የሚደበድባት አንዲት ሴት ደግሞ ሰላይ ሆነችላት። ይህ ሁሉ ከተገጣጠመ በኋላ ነው አምስቱ የወደቁት። ስንት ተበዳይ ባለ ሆስፒታል ወዳጅ አለው? ደራሲዋ ራሷ ይህን ታውቀዋለች። ልጇ አንድ ቀን «እኔ ሰው ደብድቤ ብመጣና ተደብድቤ ብመጣ የትኛው ይበልጥ ያምሽ ነበር?» ብላ እንደጠየቀቻት፣ ድራማው የተጠነሰሰውም ከዚያ ጥያቄ እንደሆነ ተናግራለች። በኋላ ስትመልስ፣ ተደብድባ ብትመጣ ይሻላል፤ እኔ በዳዮቿን እስከ ገሃነም ድረስ ጎትቼ የምወስድበት ገንዘብ አለኝ፤ በዓለም ያሉት ዶንግ ኡኖች ግን ይህ የላቸውም የሚል ሐሳብ ሰነዘረች። እኔ ከዚህ የበለጠ መራራ የፖለቲካ ትችት በቅርቡ አላነበብኩም። ፍትሕ በገንዘብ የሚገዛ ከሆነ በቀልም በገንዘብ የሚገዛ ነው። ድሃው ከሁለቱም ውጭ ነው።

ደግሞስ መጨረሻው ምን ነበር? ዮን ጂን እስር ቤት ገብታ በእስረኞች ፊት እየተዋረደች የአየር ጠባይ ትንበያ እንድታቀርብ ትገደዳለች። ወዳጄ በዚህ ትዕይንት ሳቀ፤ አልዋሽም፣ እኔም ስቄያለሁ። ቆየት ብሎ ግን ሳቄ ጎመዘዘኝ። ለካ ከአምስቱ ተማሪዎች መካከል ቆመው እንደሳቁት ሆኜ ነበር የሳቅሁት! አሸናፊዋ ዶንግ ኡንስ የት ሄደች? ራሷን ለማጥፋት ሰገነት ላይ ወጣች። የሐኪሙ እናት ደርሳ፣ ልጄን አድኚልኝ ብላ ባትለምናት ኖሮ አልቆላት ነበር። የተረፈችውም የሐኪሙን አባት የገደለውን ሰው ለመበቀል ወደሚቀጥለው እስር ቤት ለመሄድ ነው። አንዱ በቀል ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ድራማው «ደስ ይበላችሁ» እያለን ያለ መስሎን እናጨበጭባለን፤ እርሱ ግን መውጫ የሌለውን አዙሪት እያሳየን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ የምጽፈው ከንጹሕ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንዳይመስላችሁ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ በክፍላችን ነበር። በአነጋገሩ እንስቅበት ነበር። በዕረፍት ሰዓት ትላልቆቹ ልጆች ከመጸዳጃ ቤቱ ኋላ ይወስዱታል። እኔ እጄን አላነሣሁበትም። የእኔ ሥራ ከማእዘኑ ቆሞ መምህር መምጣቱን ማየት ነበር። አንድ ቀን አንድ መምህር በእርግጥም መጣ። «ምን እየሠራችሁ ነው?» አለኝ። «እየተጫወትን ነው» አልሁት። ወደ ኋላዬ አንድ ጊዜ ተመለከተና ተመለሰ። ልጁ ከፋሲካ ዕረፍት በኋላ አልመጣም። ስሙ ለሦስት ቀን ሲጠራ «የለም» አልን፤ በአራተኛው ቀን መምህሩ በስሙ ላይ መስመር አሰመረ። ምክንያት የጠየቀ የለም።

ድራማውን በማይበት ጊዜ ስለ ዮን ጂን ማንነት ብዙ አሰብኩ። ስለ ዶንግ ኡንም አሰብኩ። ራሴን ያገኘሁት ግን በሁለቱም ዘንድ አልነበረም። በስፖርት አዳራሹ በር ላይ ነው። ያንን ልጅ ላስታውሰው ብሞክር አነጋገሩና የሹራቡ ቀለም ይመጡልኛል። የአባቱን ስም ግን አላስታውሰውም፤ ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቀው ብነሣ እንኳ ማን ብዬ እንደምጠይቅ አላውቅም። ወግቼ ረሳሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ለሦስቱ ወዳጆቼ የምለው ይህ ነው። ክፉዋን ተዋናይት አድንቁ፤ ይገባታል። በቀልን ፍሩ፤ የሚያስፈራ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያ በዚያች ቅጽ ላይ «መላመድ ባለመቻሏ» ብሎ የፈረመውን ሰው ፈልጉት። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፍርድ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየአገሩ አለ። ሲፈልጉት ደግሞ ብዕሩን በገዛ እጃቸው ይዘው እንዳያገኙት ይጠንቀቁ።

ቸር ይግጠመን።